ኪራዩ ከደሞዛችን ፈጠነ፤ እንቆይ ወይስ እንውጣ?

ሦስተኛ ፎቅ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ትናንት ማታ አከራያችን ደወሉ። ውላችን ከሁለት ወር በኋላ ያልቃል። መቆየት ከፈለጋችሁ ኪራዩ በ20 በመቶ ይጨምራል አሉ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፣ በጨዋ አንደበት ነው የነገሩን። ግን ስልኩ ሲዘጋ ሦስታችንም ቃል ሳንተነፍስ ተያየን።

ሦስት ደባሎች ነን። ቤቱ ሁለት መኝታ ነው፤ አንዳችን ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍላ ትተኛለች፣ በየስድስት ወሩ እንቀያየራለን። ሁላችንም ሥራ አለን፣ ግን ከደሞዛችን ከሲሶ በላይ ለኪራይ ይሄዳል። ከአራት ዓመት በፊት ስንመጣ ይህን ሰፈር የሚፈልገው ሰው አልነበረም። እኛም የመጣነው ርካሽ ስለነበረ ነው። ቀስ በቀስ እንደኛ ያለው ወጣት በዛ፣ ሥዕል የሚሥል መጣ፣ ሶፍትዌር የሚሠራ መጣ፣ ተዘግተው የነበሩት ሱቆች ተከፈቱ፣ ማታ ማታ መንገዱን ሰው ይሞላው ጀመር። አሁን የኪራይ ማስታወቂያው ሁሉ «ወጣት የበዛበት፣ ሕይወት ያለው ሰፈር» ይላል። እኛ ደግሞ ልንወጣ ነው።

ምን ትመክሩናላችሁ? 20 በመቶውን እንደምንም ብንከፍል እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ስንት እንደሚሆን የሚነግረን የለም። ከገንዘቡ ይበልጥ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ጎጆ ወጪ ጻፈ፦

ውጡ እህቴ። እኔ ባለፈው ዓመት ጓዜን ጠቅልዬ ከከተማው ዳር ተከራየሁ፣ ኪራዬ በሲሶ ቀነሰ። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ በሩን ስዘጋው የራሴ ነው።

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

@ጎጆ ወጪ ደስ ይላል ወንድሜ፣ ግን መንገዱስ? ወደ ሥራ ስትሄድ ስንት ደቂቃ ጨመረብህ?

ጎጆ ወጪ ጻፈ፦

45 ደቂቃ ያህል። መመለሻውም እንደዚያው።

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በወር 22 ቀን ብትሠራ 33 ሰዓት ይሆናል፣ ወደ አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት የሚጠጋ። ትራንስፖርቱን ደግሞ ደምርበት። አትውጡ ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዱ ሰው ያንን ሰዓት እያነበበ ያሳልፈዋል፣ ለእሱ አይከብደውም። ግን ኪራይ ስናወዳድር መንገዱን አብረን ካልቆጠርን ራሳችንን እናታልላለን።

@ሦስተኛ ፎቅ ላንቺ ደግሞ ይቺን ልጻፍልሽ። ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ እንዳያልፍ የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ቁጥሩ የመጣው ከአሜሪካ የመንግሥት ቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ባቀረቡት ማሻሻያ፣ በእነዚያ ቤቶች የሚኖር ሰው ከገቢው 25 በመቶ በላይ ኪራይ እንዳይጠየቅ ተወሰነ። በ1981 ጣሪያው ወደ 30 ከፍ አለ። የበጀት ውሳኔ ነበር እንጂ ሰው በስንት መኖር እንደሚችል ተለክቶ የወጣ ቁጥር አይደለም። ደሞዙ ትልቅ የሆነ ሰው 40 በመቶ ከፍሎም ይተርፈዋል፣ ደሞዙ ትንሽ የሆነ ሰው በ25 በመቶም ይራባል። ስለዚህ መቶኛውን ተዪውና ኪራይ ከከፈልሽ በኋላ በእጅሽ የሚቀረውን ቁጠሪ።

የፈራሽው ነገር ግን ትክክል ነው። ኪራይ በዓመት 10 በመቶ ቢጨምር፣ ደሞዝ ደግሞ 4 በመቶ ቢጨምር፣ ዛሬ ከገቢሽ 30 በመቶ የሆነው ኪራይ በአምስት ዓመት ውስጥ 40 በመቶ ይሆናል። ማንም ከሥራ ሳይባረር፣ ማንም ሳይታመም። በየዓመቱ ትንሽ ስለሚመስል ሰው የሚነቃው ዘግይቶ ነው።

የሰፈሩ ልጅ ጻፈ፦

ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት እህቴ። አዝኛለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ በቁጣ አይደለም።

«የሚፈልገው ሰው አልነበረም» ያልሽው ሰፈር እኔ የተወለድኩበት ነው። እኛ እንፈልገው ነበር። እናቴ 31 ዓመት ኖራበታለች፤ ጎረቤቶቿ ሲታመሙ ያስታመመችበት፣ እኛን ያሳደገችበት ነው። የእሷ ኪራይ የጨመረው እንደናንተ ያሉ ወጣቶች መምጣት በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አከራይዋ በግልጽ ነገሯት፣ ለሦስት ወጣት ባከራየው ሦስት ደሞዝ ይከፍለኛል አሉ። አንዲት ጡረተኛ ከሦስት ደሞዝ ጋር መወዳደር አትችልም። ክርክር የለውም፣ ሂሳብ ነው። በወሩ ወጣች።

ይህ ነገር የቆየ ነው። ሩት ግላስ የምትባል የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1964 ለንደን ውስጥ ያየችውን ጽፋ «ጀንትሪፊኬሽን» የሚል ስም አውጥታለታለች። የሠራተኛ ሰፈሮች ውስጥ ትንሽ የተሻለ ገቢ ያላቸው ሰዎች ይገባሉ፣ ያረጀውን ቤት ያድሳሉ፣ ዋጋው ይወጣል፣ በመጨረሻ የድሮዎቹ ነዋሪዎች ተገፍተው ይወጡና ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ይሆናል። አሁን አንቺ ላይ የደረሰው የዚያው ነገር ሁለተኛ ዙር ነው። አንቺን አልወቅስም። አንቺም ከሌላ ቦታ ኪራይ ገፍቶሽ ነው የመጣሽው።

ሦስተኛ ፎቅ ጻፈች፦

ወንድሜ ይቅርታ። «ሰው አልነበረም» ስል እናንተን ሳልቆጥር ነው የጻፍኩት፣ ጥፋቴ ነው። እናትህ አሁን የት ናቸው?

የሰፈሩ ልጅ ጻፈ፦

ታላቅ እህቴ ጋር ናት። ሁለት አውቶቡስ ነው። የድሮ ጎረቤቶቿን ለማየት በወር አንዴ ትመጣለች።

እናት አከራይ ጻፉ፦

ልጆቼ፣ እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ፣ ስድብ እንዳይሆን እንጂ ልናገር። ያለችኝ አንዲት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ናት። ከባለቤቴ ጋር ስንገዛት ለጡረታችን ብለን ነው፤ አሁን እሱ የለም፣ ብድሩ ግን አለ።

ኪራይ የምጨምረው ሁልጊዜ ስለምስገበገብ አይደለም። የኔ ብድር ወለዱ የሚለዋወጥ ነው። ለ30 ዓመት የሚከፈል ብድር በ4 በመቶ ወለድ ፈንታ በ8 በመቶ ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው ከግማሽ በላይ ይጨምራል፣ ልጄ አስልቶ ሲያሳየኝ ነው ያመንኩት። ጣሪያ ያፈስሳል፣ አሳንሰር ይበላሻል፣ ግብር አለ። ይህን ሁሉ ተከራይ አያየውም፣ አይፈረድበትምም።

ግን ሌላም ላስተምርሽ ልጄ፣ ከራሴ ስህተት የተማርኩትን። አንድ ጊዜ እኔም በ20 በመቶ ጨመርኩ። ተከራዮቼ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ፣ ንጹሖች፣ ኪራይ አንድ ቀን አሳልፈው የማያውቁ። ወጡ። ቤቱን ቀለም አስቀባሁ፣ ለደላላ ከፈልኩ፣ ሰው እስኪገባ ሁለት ወር ባዶ ቆመ። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በወር 100 የነበረው በዓመት 1,200 ነው። 120 አድርጌው አሥር ወር ብቻ ሲከራይ እሱም 1,200 ነው። ጭማሪዬ በሙሉ በባዶ ቤት አለቀ፣ ቀለሙና ደላላው ከኪሴ ነው የወጣው። አዲሱ ተከራይ ደግሞ መስኮት ሰብሮ ሄደ።

ስለዚህ ከአከራይሽ ጋር ስትነጋገሪ «አቅም የለንም» ብለሽ አትጀምሪ። አቅም የሌለው ተከራይ ያስፈራል። «ለሁለት ዓመት እንፈርማለን፣ አንድ ቀን ባዶ አያድርብዎትም» በያቸው። እኔ ብሆን ያንን ወረቀት ከ20 በመቶ አስበልጠዋለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ጻፈች፦

እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ሂሳብ በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። ለደባሎቼ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላቸው።

ደባል ቁጥር 4 ጻፈች፦

ሁላችሁም ስለ ድርድር ታወራላችሁ፣ ችግሩ ግን ፊት ለፊታችን ቆሟል። በኛ መንገድ ላይ ያ የመስታወት ሕንፃ ከተሠራ ወዲህ አይደል እንዴ ኪራይ እሳት የሆነው? ለማን ነው የሚሠሩት? ከኛ ውስጥ እዚያ የሚገባ አለ? እኔ አራተኛ ደባል ሆኜ ነው የምኖረው፣ 29 ዓመቴ ነው፣ የራሴ በር ኖሮኝ አያውቅም። ሕንፃውን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ሚስማር ጻፈ፦

አይዞሽ እህቴ። 17 ዓመት ግንባታ ላይ ነኝ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

«ለወጣት የሚሆን ትንሽ ቤት ለምን አይሠሩም» የሚለውን ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ። አንድ ትልቅ ቤት በሚወጣበት ቦታ አራት ስቱዲዮ ብሠራ፣ አራት ወጥ ቤትና አራት መታጠቢያ ቤት ነው የምሠራው። ቧንቧው፣ ሴራሚኩ፣ ፍሳሹ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ አራት ጊዜ ይዘረጋል። ከቤት ውስጥ ውዱ ክፍል ደግሞ ውሃ የሚገባበት ነው፤ መኝታ ቤት ማለት አራት ግድግዳና መስኮት ነው። ስለዚህ በካሬ ሲሰላ ትንሹ ቤት ይወደዳል። መሬቱ አለ። የመኪና ማቆሚያ ደንብ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ማቆሚያ የሚባልበት ከተማ ውስጥ ከሕንፃው ሥር ትቆፍራለህ፣ ቁፋሮ ደግሞ ገንዘብ ይበላል፣ መኪና የሌላት ልጅም ያንን በኪራይዋ ውስጥ ትከፍላለች። ይህ ደንብ ሁሌ ያሳዝነኛል። ከዚያ ጊዜው። ከፕላን እስከ ቁልፍ ርክክብ ዓመታት ይሄዳሉ። ሰፈሩ ዛሬ ተወዶ ቤቱ የሚደርሰው ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ከሆነ፣ በመሃል ያለው ሰው ነው የሚቃጠለው።

ፈቃዱ ሲቀል ግን ለውጥ አለ። የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ በሚሆነው ላይ ጠጋ ጠጋ ያለና ከፍ ያለ ግንባታ ፈቀደች። በቀጣዮቹ ዓመታት የግንባታ ፈቃዱ ተትረፈረፈ፣ በተለይ ተያይዘው የሚሠሩት ቤቶች።

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

@ደባል ቁጥር 4 ሕንፃውን መጥላትሽ ይገባኛል። ግን ሕንፃው ኪራዩን አመጣው ወይስ ኪራዩ ሕንፃውን? ገንቢ የሚመጣው ዋጋ መውጣት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን አብረን እናያቸዋለን። በ11 የአሜሪካ ከተሞች ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰፈሮች የተሠሩ አዳዲስ ትልልቅ ሕንፃዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በአቅራቢያው ያለው ኪራይ ሕንፃው ባይሠራ ይሆን ከነበረው ከ5 እስከ 7 በመቶ ያነሰ ሆኖ ነው ያገኙት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ያ ባለ ደህና ደሞዝ ሰው መስታወቱ ውስጥ ባይገባ ኖሮ ሰፈሩን አይተውም ነበር። ያንቺን አሮጌ ቤት ነበር የሚጫረተው።

የሰፈሩ ልጅ ጻፈ፦

ጥናቱን አልክድም። ግን 5 በመቶ ሲቀንስ እናቴ አትመለስም። እዚያ ቦታ ላይ የነበረው አሮጌ ሕንፃ ሲፈርስ ውስጡ ስንት ቤተሰብ ነበር? በባዶ መሬት ላይ መሥራትና ሰው አስወጥቶ መሥራት አንድ ተደርጎ ሲቆጠር አልቀበልም።

ሚስማር ጻፈ፦

እዚህ ላይ ወንድሜ ሙሉ በሙሉ ካንተ ጋር ነኝ። ማፍረስ ያለበት ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ነዋሪዎቹ የት ሊገቡ ነው ብዬ ነው። መልስ አጥቼ የተውኩት ሥራም አለ።

አዲስ ተመራቂ ጻፈ፦

ለምን መንግሥት ኪራይ እንዳይጨመር አይከለክልም? አንድ መስመር ሕግ አይበቃም?

ሕግ ተማሪዋ ጻፈች፦

@አዲስ ተመራቂ በዚህ ላይ ብዙ ሳነብ ነው የከረምኩት፣ እኔም ሳነብ ሐሳቤ ተለውጧል።

ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 የኪራይ ቁጥጥሩን ከ1980 በፊት ወደተሠሩ ትንንሽ ሕንፃዎች አሰፋችው። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያጠኑት ሁለት ነገር አገኙ። ተከራዮቹ በቤታቸው ቆዩ፣ በተለይ ሽማግሌዎችና ብዙ ዓመት የኖሩ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ የ@የሰፈሩ ልጅ እናት እዚያ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ባልወጡ ነበር። በሌላ በኩል አከራዮቹ ቤቱን ለመሸጥ ወደሚሆን ዓይነት ቀየሩት፣ አፈረሱት፣ እንደ አዲስ ሠሩት፤ ቁጥጥሩ ባረፈባቸው ሕንፃዎች ለኪራይ የሚቀርበው ቤት በ15 በመቶ ቀነሰ። በከተማው በሙሉ ኪራይ በ5 በመቶ ያህል ጨመረ። የገባው ተጠበቀ፣ ውጭ የቀረው ከፈለ።

በርሊን እ.ኤ.አ. በ2020 ኪራይ ባለበት እንዲቆም አወጀች። ለኪራይ የሚወጣው ማስታወቂያ በጣም ሳሳ። በ2021 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይህን ሕግ ማውጣት የበርሊን ሥልጣን አይደለም ብሎ ሻረው። ተከራዮች የቀነሰላቸውን ገንዘብ እንዲመልሱ የተጠየቁበት ሁኔታ ነበር። አስቡት፣ ያንን ገንዘብ ያላስቀመጠ ሰው።

እኔን የሚማርከኝ የቪየና መንገድ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1923 የቤት ግንባታ ግብር ጣለች፣ ክብደቱም በቅንጡ ቤቶች ላይ ነበር። እስከ 1934 ድረስ ከ60 ሺህ በላይ ቤት ሠራች። ከእነዚያ ሕንፃዎች አንዱ ካርል ማርክስ ሆፍ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። አሁን ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በከተማው ቤት ወይም ድጎማ ባገኘ ቤት ነው። ያ የመጣው በአንድ መስመር ሕግ አይደለም። መቶ ዓመት ሳይታክቱ ስለሠሩና የሠሩትን በአብዛኛው ስላልሸጡ ነው።

ጎጆ ወጪ ጻፈ፦

ለእንግዳ በቀን የሚከራየውንስ ረሳችሁት? ከመውጣቴ በፊት በሕንፃችን ከ12 ቤት አራቱ እንደዚያ ሆነው ነበር። በየሦስት ቀኑ አዲስ ሻንጣ ደረጃው ላይ ይንኳኳል።

ሕግ ተማሪዋ ጻፈች፦

ልክ ነህ። ኒው ዮርክ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብና ራሱም እዚያው ቤት እንዲኖር ማስገደድ ጀምራለች። ባርሴሎና ደግሞ የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶች እ.ኤ.አ. በ2028 ጊዜያቸው ሲያልቅ እንደማታድሳቸው አስታውቃለች። ወጣት የበዛበት ሰፈር ላይ ይሄ ነገር ይበረታል፣ እንግዳውም የሚፈልገው እኛ የምንወደውን መንገድ ስለሆነ። ብቻውን ግን የኪራይን ችግር አይፈታም።

ደባል ቁጥር 4 ጻፈች፦

ሁሉንም አነበብኩ። የሚገርመኝ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን በዚህ ዓመት የሚረዳኝ እናት አከራይ የጻፉት ነው። ሕንፃው አምስት ዓመት ይፈጃል፣ ቪየና መቶ ዓመት ፈጀባት። እኔ የምፈልገው በሚቀጥለው ዓመት የት እንደምተኛ ማወቅ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ጻፈች፦

በትክክል እሱን ነው መጀመሪያ መናገር የፈለግሁት፣ ቃሉን አጥቼ ነው። ኪራይ ውድ መሆኑን ለምደነዋል። የማንለምደው በየዓመቱ በአንድ ስልክ መናወጡን ነው። መጻሕፍት መደርደሪያ አልገዛሁም፣ ምክንያቱም እንወጣ ይሆናል። ደባሌ ማታ መማር ፈልጋ አልተመዘገበችም፣ ምክንያቱም እንወጣ ይሆናል። አራት ዓመት ሙሉ እንደ እንግዳ ነው የኖርነው። ቅዳሜ አከራያችንን ልናነጋግራቸው ነው። ምን ምን ልጠይቅ?

ሕግ ተማሪዋ ጻፈች፦

የሁለት ዓመት ውል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨመረው በቁጥር ይጻፍ፣ «በገበያው ዋጋ» የሚል ቃል እንዳትቀበሉ። ጭማሪም ሆነ ልቀቁ ቢሉ ሦስት ወር ቀድመው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ። ማስያዣው በምን በምን ምክንያት እንደሚቀነስ ይዘርዘር። የአገራችሁን የኪራይ ሕግ ቀድማችሁ አንብቡት፣ ከውሉ በላይ የሚጠብቃችሁ አንቀጽ ሊኖር ይችላል።

ሚስማር ጻፈ፦

ቅዳሜ ከመሄዳችሁ በፊት የሚያፈስሰውን፣ የተሰነጠቀውን፣ የማይዘጋውን ሁሉ ፎቶ አንሱ። ትንንሹን ጥገና እናንተ እንደምትሠሩ ቃል ግቡ። የቧንቧ ጎማ መቀየርና የበር ማጠፊያ ማጥበቅ ከከበዳችሁ እዚህ ጻፉልኝ፣ በፎቶ አሳያችኋለሁ። አከራይን የሚያደክመው ትንሹ ጥገና ነው።

እናት አከራይ ጻፉ፦

ከመጨረሻው ቁጥር አትጀምሩ። መጀመሪያ እሳቸውን ምን እንደከበዳቸው ጠይቁ። እኔን እስከዛሬ የጠየቀኝ ተከራይ የለም።

ሦስተኛ ፎቅ ጻፈች፦

ተመለስኩ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን።

እንደነገሩን አደረግን፣ መጀመሪያ ጠየቅናቸው። ሰውዬው የልጃቸውን የትምህርት ክፍያ ነው የሚያስቡት፣ 20 በመቶ ያሉትም አንድ ደላላ «ሰፈሩ አሁን ይህን ያወጣል» ስላላቸው ነው። የባዶ ወሩን ሂሳብ በወረቀት አሳየናቸው። ዝም ብለው ቆዩና እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው እንደገና አሰሉት። በመጨረሻ ዘንድሮ 9 በመቶ፣ በሁለተኛው ዓመት ከ5 በመቶ የማይበልጥ፣ ለሁለት ዓመት ተስማማን። የሦስት ወር ማስታወቂያውንም ተቀበሉ። ትንንሹ ጥገና የኛ ሆነ፣ @ሚስማር ወንድሜ ተዘጋጅ።

9 በመቶም ከደሞዛችን ጭማሪ ይበልጣል፣ አልዋሽም። ግን እስከዚያ ድረስ የማውቀው ቁጥር ነው።

@የሰፈሩ ልጅ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር። በኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፣ የድሮ ነዋሪ ናቸው፣ እናትህን ያውቋቸዋል። የእሳቸውም ውል በሚቀጥለው ወር ነው የሚያልቀው፣ አከራያቸው ሌላ ሰው ነው። ያንኑ ሂሳብ ይዘን አብረናቸው ልንሄድ ተስማምተናል። እናትህ ለጉብኝት በሚመጡበት ቀን ብናደርገው ደስ ይለኛል፣ ቀኑን ንገረኝ።

የሰፈሩ ልጅ ጻፈ፦

የወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው የምትመጣው። ለእናቴ አሁኑኑ እደውልላታለሁ። እኔም እመጣለሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ጻፈች፦

እሺ፣ እሑድ እንገናኝ። ውሉን ሐሙስ እንፈርማለን። ደባሌ ለማታው ትምህርት ዛሬ ተመዘገበች። መጋረጃው ግን አልወረደም፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ሳሎን የመተኛቱ ተራ የኔ ነው።